የጨው መንገድ እስከ ወንዙ

ልጅ ሳለሁ እንደ አያቴ ተረት ያናደደኝ ነገር የለም። ቤታችን ኮንጋ መንደር፣ ከእንሰቱ መሃል ነበር። ያኔ ሲመሽ አያቴ ምድጃው አጠገብ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ የቡናው እንጨት ፍም ይቀላል፣ ጭሱ በሣር ክዳኑ ሥር መውጫ አጥቶ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እኛ ልጆች ግን ንቅንቅ አንልም፤ የተረቱ ሲራራ ነጋዴዎች ዛሬስ ጨው አገር ይደርሱ ይሆናል ብለን።

አይደርሱም።

አያቴ በተረቱ ነጋዴዎቹን እኛ ቤት ያሳድራቸዋል። ከበቅሎዎቹ አንዷ አመለኛ ናት፤ እሷን ለመጫን ብቻ ግማሹ ምሽት ያልቃል። ሲነጋ ቃጫና ማር ጭነው፣ እሱ ከፊት እየመራ፣ በጉሙ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ የመሪዋን በቅሎ ገመድ ማዶ ለሚጠብቀው ጉጂ ወዳጁ ያቀብላል። ከዚያ ፍሙን በአመድ ይዳፍንና «በሉ ተኙ» ይለናል።

«ከዚያስ? ጨው አገር ደረሱ?» እላለሁ።

«ነገ።»

ነገ ማታ ሌሎች ነጋዴዎች፣ ያቺው አመለኛ በቅሎ፣ ያው ወንዝ። ከምድጃው በላይ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተሰቀለ የጨው ድንጋይ ነበረን። አያቴ እየሸረፈ ያልሰናል። ጨውን ቀመስን፣ አገሩን ግን አላየንም። አያቴም ሞተ፤ ነጋዴዎቹ እዚያው ወንዝ ዳር ቀሩ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ወሬም አላበዛም። ዝም ብዬ ነው ያረጀሁት። ዘንድሮ ግን የልጄ ልጅ ምሕረት ከምትማርበት ከዲላ መጣችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ድሮ የንግድ መንገድ ነው። አስተማሪዋ ለሁለተኛ ጊዜ መልሶባታል፤ መንገዱ ከወንዙ በኋላ የት እንደሚደርስ ካላሳየች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

«ይቀዳል አባባ፣ ይናገሩ።»

ነገርኳት። በቅሎዋን ሳይቀር ነገርኳት።

«ከወንዙ በኋላስ?»

«አላውቅም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽም።»

በማግስቱ ያንኑ ጠየቀችኝ። ቡና ስለቅም ከግንዱ ማዶ ሆና፣ ስበላ ከትሪው ማዶ ሆና ያንኑ። ደግሞ አለቀሰች። የሰው ልጅ የሌለውን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ሽማግሌ ሁሉን ያውቃል ያላት ማን ነው?

«የእርስዎ አያት ግን ራሳቸው ጨው አገር፣ ቦረና፣ ሄደው አያውቁም?» አለችኝ በሦስተኛው ቀን።

ያኔ ጮህኩባት። «የት ይሄዳል? ገመዱን ሰጥቶ ይመለሳል አልኩሽ እኮ! ነጋዴ በሰው አገር ብቻውን አይሄድም። የአገሩ ሰው ይዞት እስከ ወሰኑ ይሄዳል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ወዳጁ ያስረክበዋል። ከዚያ ማለፍ ወዳጅን መድፈር ነው።»

ስልኩን ዝቅ አደረገች። «ታዲያ የማዶው ሰው ነዋ የሚያውቀው! ቤተሰቡ አለ?»

አለ። የዚያ የጉጂ ወዳጅ የልጅ ልጅ እንደኔው ሸብቶ ተቀምጧል፤ ለቅሶ እንደራረሳለን። ይህን ሁሉ ዘመን ስሄድ ስመለስ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

መንገድ እስካለ በሞተር ሄድን፣ ጀርባዬ ተቆረጠ። ከዚያ በእግር ወረድን። ጉልበቴን እየተራገምኩ ወንዙ ዳር ስደርስ፣ በስልክ አስነግረነው ስለነበር፣ ሰውዬው ማዶ በትሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ወዳጄ! ምን ጭነህ መጣህ?» ብሎ ጮኸ።

«የልጄን ልጅ። ጥያቄ ነው የጫነችው፣ ከባድ ነው!»

«አመል አላት?»

«አላት!»

ሳቀ። ምሕረት ጫማዋን አውልቃ ተሻገረች። እኔም እስከ ውኃው መሃል ገብቼ ቦርሳዋን አቀበልኩት።

«እስከ ዋርካው ድረስ እኔ ነኝ የማውቀው» አላት። «ከዚያ ወዲያ ለአማቼ እሰጥሻለሁ።»

«አባባ፣ እርስዎስ አይመጡም?»

«ተይኝ እባክሽ» አልኳት።

ዳገቱን እየወጣሁ ዞር ብዬ አየሁ። ጉሙ ወርዶ ዋጣቸው። ንዴቴ ያኔ ነው የባሰው፤ አሁን ማን ይነግረኛል? አያቴም እንዲህ ቆሞ አይቶ ይሆናል። ያን ሁሉ ምሽት እያወቀ የሚደብቀን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው መጨረሻውን ሊሰማ የቸኮለው። ጨውን በእጁ ይዞ፣ አገሩን ሳያይ።

ማታ ከፍሙ አጠገብ ስቀመጥ ታናናሾቿ ከበቡኝ።

«አባባ፣ ምሕረት ጨው አገር ደረሰች?»

ፍሙን በአመድ ዳፈንኩት።

«ነገ» አልኳቸው።