አክስቴን ሳያወርድ የሚወጣ ፍሪሲዮን

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አባቴ፣ የመኪናው ባለቤት፣ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ እንጦጦ ላይ ብቻዋን የምትኖር። የአባቴ መካኒክ፣ ሲግናል አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ሰው። ከመገናኛ ወደ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር መለዋወጫ የምትሸጥ ሴት። የአክስቴ ጎረቤት፣ ድሮ በዚያው ጋራ ላይ ገብስ ያርስ የነበረ፣ አሁን የጥበቃ ሠራተኛ። ስድስተኛው እኔ ነኝ።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በባሕር ዛፉ መሃል ወደ አክስቴ ቤት የሚወጣው ኮብልስቶን አንድ ክፉ መታጠፊያ አለው። መኪናችን እዚያ ሲደርስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይሄድም፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ስለዚህ የቤተሰባችን ሥርዓት ይህ ነበር፦ መታጠፊያው ጋ ከሹፌሩ በቀር ሁሉም ይወርዳል። ጎረቤትየው ትልቅ ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ይከተላል፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ከጎማው ሥር ያስደግፋል። አክስቴ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አድርጋ የቀረውን በእግሯ ትወጣለች። ጎረቤትየው ሁልጊዜ አባቴን፣ ይሄ መኪና የሚበላው ቤንዚን ነው ወይስ ድንጋይ እያለ ይጠይቀዋል። አክስቴ ደግሞ መኪናው ሌላውን ሰው ተሸክሞ እሷን ሲያይ ብቻ እንደሚለግም ትናገራለች። እኛም እንስቅ ነበር። ክብደቷ ነው ብለን ያሰብንበት ጊዜም አለ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራቷት ወደቀች። ጭኗ ውስጥ ብረት ገባላት፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ሲግናል እኛ ቤት አረፈች። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሐኪሙ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ፈቀደ፣ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ለፊዚዮቴራፒ መውረድ አለባት፤ ዳገት ደግሞ በእግሯ ፈጽሞ አትወጣም። በዚያው ሰሞን የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን ጨርሶ አለቀና መኪናው ጋራዥ ገባ። አባቴ ቤቱን አከራይተን እኛ ጋ ትቀመጥ ማለት ጀመረ። አክስቴ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ በሩ አጠገብ አቆመችውና እንዲህ አለች፦

«ቅዳሜ እንሞክር። ሳልወርድ በሬ ድረስ ካደረሰኝ ቤቴ እገባለሁ። ካላደረሰኝ አከራዩት፤ ሁለተኛ አላነሳውም።»

ሐሙስ ጠዋት ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ካምቢዮውን፣ ማርሾቹ ያሉበትን ብረት፣ አውርደውታል። የፍሪሲዮኑ አሮጌ ሸራ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል፤ ተበልቶ፣ ሸራውን የያዙት ምስማር መሳይ ሪቬቶች ፊት ለፊት ወጥተዋል። እሱንና የሚጫነውን ሳህን መሳይ ብረት በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝና ሳምፕሉን ይዤ ልክ እሱን የመሰለ እንዳመጣ ነገሩኝ። እኛ ዘንድ ዕቃ የሚገዛው እንዲህ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ማንም አያምንም፤ ብዙ አሮጌ መኪና ሞተሩ ተቀይሯልና። የሚታመነው የወለቀው ዕቃ ነው።

እኔ የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮና ከአንድ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ሰው በእጁ የሚያውቀውን እኔ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ከመሄዴ በፊት መኪናው ሥር ገብቼ ቮላኖውን አየሁ፤ ሸራው የሚለጠፍበት ከባዱ ክብ ብረት ነው። ሸራው የፈተገው ቦታ እንደ መስታወት ያበራል። ከዚያ ውጪ ዙሪያውን የግማሽ ጣት ስፋት ያለው ብረት ደብዝዞ ቀርቷል፤ ምንም ነክቶት አያውቅም። ቡሎኖቹ የወጡባቸው ስድስት ቀዳዳዎች ነበሩ። ከእነሱ ወጣ ብሎ ጥቁር እድፍ የደፈናቸው ሌሎች ስድስት አገኘሁ። አንዱን በምስማር ጠረግኩት፤ ጥርሱ እንደ አዲስ ነበር። ቡሎን ገብቶበት አያውቅም።

መካኒኩን ጠራኋቸው። አጎንብሰው አዩ፤ ፋብሪካ ለብዙ ዓይነት መኪና አንድ ላይ ይበሳዋል፣ አያሳስብህ አሉኝ። መኪናው ሲገዛም የነበረበት በዚያው መጠን ሸራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀይረውታል፣ ሁለቱንም ጊዜ በሳምፕል። እውነታቸውን ነው፣ በደንብ አድርገው ነው የቀየሩት። ከእኛ በፊት የሆነ ሰው ያነሰ ሸራ አስገብቷል፣ እኛም ያንኑ በጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ደገምነው ማለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድጄ ቮላኖው ላይ ለጠፍኩና በእርሳስ ጎን ደጋግሜ ፈተግኩት። አሥራ ሁለቱም ቀዳዳዎች ወረቀቱ ላይ ወጡ።

ሱቁ ውስጥ ሴትየዋ ሳምፕሉን ተቀብላ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አወረደች፣ አዲሱን ባሮጌው ላይ ደረበችው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጠመ። ለእሷ ሥራው አልቋል። እኔ ከዚህ የሚበልጠውን እንድታሳየኝ ለመንኳት።

«ሳምፕልህ ይሄ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። አየችውና ከኋላ ክፍል ሌላ ካርቶን ይዛ መጣች። ትልቁን ብረት ወረቀቱ ላይ አስቀመጥነው፤ እሷ ራሷ እስክሪብቶ በየቀዳዳው አስገባች። ስድስቱም በውጪዎቹ ምልክቶች መሃል ገቡ። የካምቢዮው ዘንግ የሚገባበትን የሸራውን የመሃል ጥርስ ቆጠርኩ፤ ሃያ አንድ፣ ከአሮጌው ጋር እኩል። ደግሜ ቆጠርኩ። እሷም ቆጠረች።

በዚያ መጠን የሁለት ፋብሪካ ዕቃ ነበራት። የመጀመሪያውን ጆሮዬ አጠገብ ስነቀንቀው ስፕሪንጎቹ ተንኳኩ። የሁለተኛው ዝም አለ፤ የሪቬቶቹም ራስ ሸራው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ስለዚህ እስኪያልቅ ብዙ የሚበላ ነገር አለው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝቼ ጠርዙን በጣቴ እየተጫንኩ ዞርኩት። አልተነቃነቀም።

«ሚስት ስትመርጥም እንዲህ ነህ?»

ገና አልደረስኩም አልኳት።

«በዚህ አያያዝህ አትደርስም።» ከዚያ ፊቷን አስተካክላ፣ ዕቃው አንዴ ቡሎን ገብቶበት ግሪስ ከነካው እንደማትመልስ አስጠነቀቀችኝ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ታሪኩን እስከ መጨረሻ አዳመጠኝና ሳምፕሉን ተከተል አለ፤ ቅዳሜ አዲስ ዕቃ የሚሞከርበት ቀን አይደለም። አባቴን ብዙ ጊዜ አልቃወመውም።

«አባዬ፣ የተሳሳተው ሳምፕሉ ነው» አልኩት።

በስልኩ የሚሰማውን የታክሲ ረዳቶች ጥሪ አሳልፎ ጠየቀኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቆጥሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ባይሠራ ለአክስትህ የምትነግራት አንተ ነህ።»

ትልቁን ገዛሁ።

መካኒኩ ካርቶኑን ከፍተው አዩኝ፣ ወረቀቱን አዩ። የውጪዎቹን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በናፍጣ አጠብኩላቸው። ቡሎኖቹን ቁልፍ ሳይነኩ በጣታቸው ብቻ ማስገባት ጀመሩ፤ ያልገጠመ ነገር በጣት አይዞርም። አንደኛው ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። ስድስተኛው ሲይዝ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉና «ኩሽኔታውን አቀብለኝ» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ ከጎኔ ተቀመጠ። አክስቴ ከኋላ እግሯን ወንበሩ ላይ ዘርግታ ሻንጣዋን አቀፈች። ከየካ በላይ ያለውን አስፋልት ጨረስን። ኮብልስቶኑ ላይ ስንወጣ ጎረቤትየው ከሩቅ ታየኝ፤ አባቴ ነግሮት ኖሮ መታጠፊያው ላይ ድንጋዩን ታቅፎ ቆሟል።

እዚያ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። አባቴ በልማድ በሩን ከፈተ፤ አንድ እግሩን አወጣ።

«ዝጋው» አለች አክስቴ ከኋላ። «እኔ ሳልወርድ አንተ ትወርዳለህ?»

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ፔዳሉን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፣ እግሬ ሥር ሲይዝ ተሰማኝ፤ የዓመታቱ ጩኸት የሚመጣበትን ቦታ ጠበቅኩ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ አልጮኸም። መኪናው ትንሽ ከበደውና ወጣ። ጎረቤትየውን አለፍነው፣ መታጠፊያውን አለፍነው፣ የአክስቴ አጥር ታየ። አልሸተተም። በሯ ላይ ሳቆም የእጅ ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ሳብኩት።

አክስቴ ቁልፏን ከቦርሳዋ አወጣች። በአባቴ ትከሻ ተደግፋ በሩን ራሷ ከፈተች፣ ከዚያ ዞር ብላ ሁለታችንንም አየች።

«ይህን ሁሉ ዓመት በእኔ አሳበባችሁ» አለችና ገባች።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ አወርዳታለሁ፣ እመልሳታለሁ። አሮጌው ሸራ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም ሳምፕል ብሎ እንዳይወስደው ቀይ መስቀል ቀብቼበታለሁ።

ይህን ስጽፍ የጎደሉኝ ነገሮች አሉ፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበርና። አባቴ፣ እግርህን መልሰህ በሩን የዘጋኸው መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጎረቤታችን፣ ስናልፍህ ድንጋዩን አስቀምጠኸው ነበር ወይስ እስከ በሩ ታቅፈኸው መጣህ? አክስቴ፣ መታጠፊያው መሃል ላይ ከኋላዬ አንድ ነገር ስትናገሪ ሰምቻለሁ፣ ቃሉን ግን አልለየሁትም። ከወረቀቱ ግርጌ ቦታ ትቻለሁ። ያያችሁትን ጻፉበት።