ያ ደረጃ የጋሽ ይርጋ አይደለም

ጠዋት የቢሮ ጓደኛዬ ደውላ "ጋሽ ይርጋ አረፉ" ስትለኝ "የትኛው ይርጋ?" ብዬ ጠየቅኋት። ባለፈው ሳምንት እኮ ከዘራቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ከጀልባ ነጂዎች ጋር ሲከራከሩ አይቻቸዋለሁ። አሁንም አላመንሁም።

ለማታውቋቸው፣ አርክቴክት ነበሩ። ባሕር ዳር ውስጥ ሐይቁን ያለ አጥር የምናይበት፣ እግረኛ በጥላ የሚሄድበት ቦታ ካለ፣ እሳቸው የተሟገቱለት ነው። የሐይቁ ዳር ደንገል ተነቅሎ ሲሚንቶ ይፍሰስ ሲባል "ውሃውን ማን ሊያጣራልን ነው?" ብለው ስብሰባ ያስቆሙ ነበር።

እኔ ተመርቄ የገባሁት እሳቸው ቢሮ ነው። ንድፍ ይዤ ስቀርብ ገና ወረቀቱን ሳያዩ "ሰዎቹን ጠየቅሽ?" ይሉኛል። ይቺ ጥያቄ ታሰለቸኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ጊዜ የደቅ ደሴት ሰዎች ከተማ ሲመጡ ከጀልባ የሚወርዱበትን ደረጃ እንድነድፍ ሰጡኝ። ግንቦት ላይ፣ ሐይቁ ሸሽቶ ሳለ ለካሁ።

"ጠየቅሽ?"

"አዎ" አልኋቸው። ማንንም አልጠየቅሁም። አምነውኝ ፈረሙ።

መስከረም ላይ ውሃው ሞልቶ ግማሹን ደረጃ ዋጠው። አንዲት የደቅ እናት አዳልጧት ከነጌሾዋ ሐይቅ ገባች። ሰዎች ጎትተው አወጧት። ቀሚሷን እየጨመቀች "ምናለ እኛን ብትጠይቁን ልጆቼ" አለች።

ስብሰባ ተጠራ። "ማነው የነደፈው?" ሲባል ጋሽ ይርጋ "እኔ ነኝ" አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ስንወጣም አልተቆጡኝም። በማግስቱ ደረጃው ድረስ ወስደውኝ የደቅ ሴቶች ውሃው የሚደርስበትን አሳዩን፤ ደረጃውም ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

ከተማው ግን መቀለዱን አልተወም። ደረጃው "የጋሽ ይርጋ የዋና ትምህርት ቤት" ተባለ። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። እኔም ስቄያለሁ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ዛሬ የሞታቸው ዜና ስር አንድ ሰው ያችኑ ቀልድ ጽፎ አየሁ። በፍቅር ነው የጻፈው፣ አውቃለሁ። ግን ልክ አይደለም። ያን ደረጃ የነደፍሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ይህን በሕይወት እያሉ መናገር ነበረብኝ። ስንት ጊዜ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ሌላ ሌላውን አውርቼ ተመለስሁ። እርስዎም አንድ ቀን አላነሱብኝም። ይቅር ይበሉኝ። ነገ ቀብርዎ ላይ ለልጆችዎ በአፌ እነግራቸዋለሁ።

በሰላም ይሂዱ። የኔን ጥፋት ግን ይዘውት አይሂዱ።