ሳር ውስጥ የተደበቀ ስለት

ዛሬ ከሰዓት ቆቦ ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ በእርጥብ ሳር ተገደልኩ።

እኔና ሦስት አስተማሪ ጓደኞቼ እሁድ እሁድ በወረቀትና በዳይስ የሱፐርሂሮ ጨዋታ እንጫወታለን። የዛሬው ሥራ ለየጀግናችን ልዩ መሣሪያ ፈጥሮ መምጣት ነበር።

ለኔ ጀግና መብረቅ የሚተፋ ሽመል ሠራሁለት። ሁለት ቀን ሙሉ ስሥለው ነው የከረምኩት! (ሚስቴ "የተማሪ ፈተና እንዲህ ተጨንቀህ ብታርም" ብላኛለች።)

የአንዱ ጓደኛዬ የሰይድ ጀግና ግን አንድ እፍኝ እርጥብ ሳር ይዞ መጣ።

በኛ በራያ ሳር ይዞ የመጣ ሰው ለእርቅ ነው የመጣው፤ ዱላ አይነሳበትም። እኔም ሳላስበው "ሽመሌን መሬት አስቀመጥኩ" አልኩ።

ሰይድ ሳቀ። "ሳሩ ውስጥ ስለት አለ" ብሎ ዳይሱን ወረወረ፤ ጀግናዬ ሞተ።

ሌሎቹ ሁለቱ አጨበጨቡለት። እኔ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

"ጨዋታ እኮ ነው፣ አንተ ሰው!" አለኝ ሰይድ።

"ጨዋታማ ነው። ከዚያ ሁሉ መሣሪያ ይችን መረጥክ? ቱ!"

ስንለያይ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። አስር ዓመት የጨበጥኩት እጅ ነው። ዛሬ ግን መጀመሪያ ምን እንደያዘ አየሁ።

እናንተስ፣ በጨዋታ እንኳ ሲነካባችሁ የሚያስጠላችሁ ነገር ምንድን ነው? እስቲ አውጉኝ።