የኪራይ ዛፎች

ባህሩ የደሴ ልጅ ነው። በዓረብ አገር፣ ሱለይ በሚባል ሰፈር ባለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፋብሪካ በኢንጂነርነት ለዓመታት ማሽን ሲያክም ኖሮ፣ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ሁሉም «ሙዲሩ» የሚሏቸው አብዱልአዚዝ፣ ጠሩትና «ከዛሬ ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ነህ» አሉት።

«እኔ? በምን ተመርጬ?»

«ምሳህን በጨርቅ ከረጢት ስታመጣ አይቼሃለሁ። ኸላስ፣ አለቀ!»

ከረጢቱን የሰፋችው ሚስቱ ሸምሲያ ሹመቱን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ለካስ ሙዲሩ ሽልማት አምሯቸው ኖሯል። ተፈጥሮን ለሚንከባከብ፣ ሠራተኛውን ለሚያከብር ፋብሪካ የሚሰጥ ሽልማት ነው፤ ገምጋሚም ሊመጣ ነው። ግቢው ግን ለፍየል እንኳ የሚሆን ቅጠል የለውም። ሙዲሩ አልተጨነቁም፤ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ዛፎች ከነማሰሯቸው ተከራዩና ማሰሮዎቹን አሸዋ ውስጥ አስቀበሩ። ሠራተኞቹ በሚመላለሱበት አውቶቡስ ላይም «ሠራተኞቻችን ቤተሰቦቻችን ናቸው» የሚል ጽሑፍ አስለጠፉ። የአውቶቡሱ ማቀዝቀዣ ከሞተ ቆይቷል።

ገምጋሚዋ ፈሪሃ መጣች። ሙዲሩ «እነዚህን ዛፎች ከፍሬያቸው ጀምሮ እንደ ልጅ ነው ያሳደግናቸው» እያሉ ሳለ፣ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀ ገባ።

«ያላ፣ ዛፎቹን አውጡ!» አለ ሾፌሩ። «ጎረቤት ያለው የቀለም ፋብሪካ እየጠበቀ ነው። እነሱም ዛሬ እንግዳ አለባቸው።»

«እንግዳዋ እኔ ነኝ» አለች ፈሪሃ። ከዚያ ወደ ባህሩ ዞረች። «ኢንጂነር፣ ዛፎቹ የእናንተ ናቸው?»

ባህሩ ሙዲሩን አየ። ሙዲሩ ሰማይ ሰማዩን አዩ። ባህሩ ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች አንዱን ዛፍ ተሸክመው በፊቱ አለፉ።

«እስከ አሁን የእኛ ነበሩ» አለ።

ሙዲሩ ደንግጠው «ዛፍ ምን ያደርጋል! ይልቅ ለቤተሰቦቻችን የምናደርገውን እዪ» ብለው ወደ አውቶቡሱ መሯት። ፈሪሃም ገብታ ተቀመጠች። ጊዜው የበጋ ቀትር ነው። ብዙም ሳትቆይ ፊቷ በርበሬ መስሎ ወረደች።

«ቤተሰብዎ በሕይወት አለ?» አለቻቸው።

ሽልማቱ ቀረ። ባህሩም ከሹመቱ ተሻረ፤ እሱ ግን እፎይ ብሎ ወደ ማሽኖቹ ተመለሰ። ሙዲሩ ለጊዜው ቢያኮርፉትም፣ ፈሪሃ እንደገና እመጣለሁ ብላ ስለነበር የአውቶቡሱን ማቀዝቀዣ አሠሩ።

ማቀዝቀዣው በተሠራ ማግስት ጠዋት፣ ዕቃ ጫኙ ሐሰን ጋቢ ተከናንቦ ከአውቶቡሱ ወረደ።

«ባህሩ ወንድሜ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «በአላህ፣ ትንሽ ቀንሱልን በላቸው!»