ዝም ብለህ እለፍ

አዋጅ! ያልሰማህ ጆሮህን ጥረግ፤ የሰማህ ለጎረቤትህ ንገር። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቧንቧው ከሚያንጠባጥበው መጸዳጃ ቤት ጎን፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ አለ። እዚያ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የፕሮግራም ብልሽት ሁሉ መድኃኒት የተሰበሰበበት አንድ ፋይል መኖሩ ታውቆ ይደር። ባለቤቱም የሆስፒታሉ ፕሮግራም ሠሪ ክቡር ፕላስተር ናቸው።

ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኢንተርኔት የቃረመውን ቁርጥራጭ ኮድ እዚያ ፋይል ውስጥ ሲከት ኖሯል፤ የተዛባ ቀን የምታቃና፣ የተንቀራፈፈ ገጽ የምታፈጥን። ከእያንዳንዷ ሥር "ሠርታለች፤ አትንኳት" ብሎ ጽፏል። ለምን እንደሠራች ግን የትም አልጻፈም። ሊቅ ምክንያት አይጽፍም።

የፋይሉ ንግሥት አንዲት ባለ ሦስት መስመር ነበረች። ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች ተራቸው ሲደርስ የስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። አለቃው ይጮኻል፤ ሐኪሞቹ ይደውላሉ። ምክንያቱን ልፈልግ ቢል ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል፤ ለመለጠፍ ግን አንድ ደቂቃ በቃው። የለጠፋት ኮድ የምትለው ይህንን ነው፦ ስህተት ካጋጠመህ ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው ሰው እለፍ። ፕሮግራሙ ተነሥቶ ጋለበ።

ሥራውን የምትፈትሸው ባልደረባው ብቻ አልተዋጠላትም።

"ስህተቱ የት ሄደ?"

"ሸኘሁት።"

"ወዴት?"

"ወደ መጣበት።"

"ቁስሉን ሳታጥብ ነዋ የለጠፍከው፣ ፕላስተሬ።"

"ሲሸት እናጥበዋለን፣ አንቺ ደግሞ።"

ሳቁ። አለቃውም ሳቀ።

ሸተተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በገዛ ቤቱ በኩል።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው በዚያች የስፌት መኪናዋ ነው። የዓይን ግፊት አለብሽ ተብላ ለቀዶ ሕክምና ተመዘገበች። ወንድሟ እዚያው እየሠራ "ተራዬን እይልኝ" እንኳ አላለችውም፤ በዘመድ ሰው መቅደም አትወድም። ስልኳን ከመቀሷ አጠገብ አድርጋ ጠበቀች። መጠበቁ ሲመራት ራሷ ሆስፒታል ሄደች። ተራዋ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። የግራ ዓይኗ ብርሃን አልቋል፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም አሏት።

ፕላስተር መዝገቡን ከፈተ። እህቱ ስልክ ቁጥሯን ሁልጊዜ ሁለት ሁለት እያደረገች ነው የምትናገረው፤ መዝጋቢዋም እንደሰማችው ክፍተት እየተወች ጽፋዋለች። ክፍተት ያለበትን ቁጥር ሲያገኝ ፕሮግራሙ መላክ ያቅተዋል፤ ሲያቅተው ደግሞ ዝም ብሎ እንዲያልፍ ታዟል። ከእሷ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ታልፏል። ክፍተቱን የምታጠፋው ማስተካከያ አንዲት መስመር ናት። ያን ጊዜ ቢፈልጋት እስከ ማታ ያገኛት ነበር። አሁን ጻፋት። በማግስቱ ለአሥራ አንዱም መልእክት ሄደ። ለማን በጊዜው ደረሰ፣ በማን ላይ መሸ? አልጠየቀም።

ሊነግራት ሄደ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲያሰናዳ ነበር።

"እትዬ፣ ያ መልእክት..."

"ተወው፣ ጥፋቱ የኔው ነው። መኪናው ሲንጫጫ ስልኩን ሳልሰማው ቀርቼ ነው። አንተንም በሥራ ቦታህ አሳፈርኩህ፤ ይቅር በለኝ ሆዴ።"

ይቅር በለኝ አለች። እሷ፣ እሱን።

መርፌና ክር ዘረጋችለት። "እስቲ አስገባልኝ፤ ቀዳዳዋ እምቢ አለችኝ።"

አስገባላት።

"ምነው ዝም አልክ?"

"ምንም።"

ስህተት አጋጠመው፤ ዝም ብሎ አለፈ።

ፋይሉ ዛሬም አለ። ከሦስቷ መስመር ሥር ሌላ ማስታወሻ ሊጽፍ ስንቴ ጀምሮ ስንቴ አጥፍቷል። ባልደረቦቹም ዛሬም ይቀዷታል። አንተም አንባቢዬ፣ ኮድ ጻፍክም አልጻፍክም፣ የምታውቃት እንዲህ ያለች ልጥፍ አትጠፋህም። እስቲ ይህን አስቀምጥና ንቀላት፤ ከሥሯ የታለፉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አንብብ፤ ከዚያም ተነሥተህ መጀመሪያ ያነበብከው ሰው ቤት ሂድና በሩን ሲከፍትልህ ፕላስተር ያልጨረሳትን ቃል ጨርሳት።