አባቴ ያጣመመውን እናቴ ስታቀና

ሰሞኑን መንገድ ዳር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ የተቃጠለ የጉሎ ዘይት ሽታ ድንገት መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። አንዱ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ይሆናል ብዬ ግራ ቀኝ ብል የሚጨስ ነገር አልነበረም፤ ነፋስም አልነበረም። ሽታው ትንሽ ቆየና፣ የሚፈልገውን ሰው እንዳጣ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ለሽታው አዲስ አይደለሁም፤ ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሸት የሚያመሸው ይኸው ነበር።

አባቴ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበረ። ሳምንቱን እዚያ ሰንብቶ ቅዳሜ ከሰዓት በአውቶቡስ ይመጣና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ አውሮፕላን አውርዶ ያገላብጣት ነበር። አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ለመታሰቢያ ትቶለት የሄዳት ናት፤ ክንፏ የእኔ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ያህላል፣ አፍንጫዋ ላይ እውነተኛ ሞተር አላት፣ የምትነዳውም ደረት ላይ በሚንጠለጠል፣ ረጅም አንቴና ባለው የሬድዮ ሣጥን ነበር። በዚያ ዘመን አንቴና ያለው ነገር ይዞ ሜዳ ላይ መቆም ቀልድ ስላልሆነ ፈቃድ አውጥቶላታል፤ እናቴ ግን ፈቃድም ቢኖረው ሣጥኑን በጨርቅ ካልሸፈነ ከቤት አታስወጣውም። ነዳጇን አልኮልና የጉሎ ዘይት እያደባለቀ ራሱ ይሠራ ስለነበር፣ የፋርማሲው ባለቤት «እናንተ ቤት ሆድ ድርቀት የያዘው ማነው?» እያለ ይቀልድበት ነበር።

በበጋ እሑድ ጠዋት፣ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ሳያስነሳ፣ በወንጂ መንገድ በኩል ወዳለው ሜዳ በጋሪ እንሄድ ነበር። ሜዳው የኦቦ ቱፋ ከብቶች የሚግጡበት ነበርና፣ ሽማግሌው ገና ከሩቅ ሲያዩን «አካም ጅርቱ፣ ጢያራዋ መጣች?» እያሉ ከብቶቻቸውን ወደ ግራሮቹ ጥግ ይነዱልን ነበር። እኔ አውሮፕላኗን ከራሴ በላይ አንሥቼ፣ ሮጬ እወረውራታለሁ፤ አባቴ በሬድዮው ይቀበላታል። ከፍ ካለች በኋላ ጣቶቹን ከሁለቱ መንጃ ዘንጎች ላይ ያነሣና «አሁን ወዴት እንደምትሄድ እያት» ይለኛል። ሁልጊዜ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር። እሱም ከዘንጉ ሥር ያለችውን ጥፍር የምታህል ማንሸራተቻ ወደ ቀኝ ቀጭ አድርጎ፣ እጁን አንሥቶ አይቶ፣ እንደገና ቀጭ አድርጎ፣ እጅ ሳይነካት ቀጥ ብላ እስክትሄድ ይደክምባት ነበር። ማንሸራተቻዋን ትሪም ይላታል። «ከፋብሪካ ቀጥ ብሎ የወጣ አውሮፕላን የለም፤ ትሪሟ ስትጣመም ነው እሷ የምትቀናው» ይለኝ ነበር። ከዚያ እጆቹን ኪሱ ሲከት፣ ማንም ሳይነዳት ሰማዩን ሰንጥቃ ስትሄድ ማየት ደስም ይለኝ ያስፈራኝም ነበር። ውስጧ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ሳያይ የሚያስነሣው ነገር አልነበረም። «ክንፍ፣ ጅራት፣ ነዳጅ፣ ትሪም» እያለ ሁሉንም በጣቱ ካልነካ ሞተሩን አያስነሣም፤ ማታ በር ቆልፎ ተመልሶ መቆለፉን ያያል፤ የኔን የጫማ ክር ሳይቀር አሥሬ ያየዋል። እናቴ «ይሄ ሰውዬ እኔንም ሲያገባኝ እንደዚሁ አገላብጦ አይቶኝ ነው» እያለች ታስቀው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ሰሜን፣ ወደ አስመራ እንዲሄድ ታዘዘ። ሲሄድ አውሮፕላኗንና ሣጥኑን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጦ «ትሪሟን ማንም እንዳይነካት፣ ልኳ ላይ ናት» አለን። እናቴ መንዜ ናትና የእናቷን ልማድ አጥብቃ ትይዝ ነበር፤ የሄደ ሰው ቤት በዚያው ቀን አይጠረግም፣ መንገደኛ ያለበት ቤት ደግሞ የተገለበጠ ጫማ፣ ዘሞ የተሰቀለ ሥዕል አይታይበትም፤ የቤቱ ዕቃ ሲጣመም የሰውየው መንገድ ይጣመማል። አንድ ጠዋት አቧራ ስትወለውል ሣጥኑ ላይ ያለችውን ትሪም ወደ ቀኝ ተጣማ አገኘቻትና፣ «መንገዱን ያቅናለት» ብላ ወደ መሃል መለሰቻት።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ነው ያጣመማት፣ እንደዚያ ነው የምትሆነው» አልኳት።

«ሲመጣ እንደፈለገ ያጣምማት፤ እስኪመጣ ትቃና» አለችኝ።

በማግስቱ ትሪሟ ወደ ቀኝ ተመልሳ ነበር። እናቴ እኔን ጠረጠረች፤ የኔ ቁመት ግን ወንበር ላይ ወጥቼም እዚያ አያደርሰኝም። አቀናቻት፣ በነጋው ተጣማ አገኘቻት። ቤታችን የጅቡቲ መኪኖች ከሚያልፉበት መንገድ ብዙ ስለማይርቅ «ተሳቢው ቤቱን ሲያንቀጠቅጠው ነው» ትል ነበር፣ ድምጿ ግን አላመነበትም፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል እንጂ ሁልጊዜ አባቴ የተዋት ቦታ ላይ ሄዶ አይቆምም። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ፣ ክንፉ ላይ የተወጠረው ስስ ልባስ ከቅዝቃዜው ጋር እየተኮማተረ ጧ፣ ጧ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ እራት እየበላን ሁለታችንም እጃችንን ሰብስበን እናዳምጣለን። መስከረም ሲጠባ እናቴ መፍራቱን ትታ ለመደችው። ከአልጋዋ ስትነሣ «እስቲ አባትሽ እንዴት አደረ» ብላ ወደ ቁም ሣጥኑ ትሄዳለች፣ ተጣማ ስታገኛት ፈገግ ብላ ታቀናታለች፣ ያን ቀን ደብዳቤ ቢዘገይ እንኳ አትጨነቅም ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ትሪሟ እንደተቃናች አደረች። እሰይ ልል ስል የእናቴን ፊት አየሁና ተውኩት። በማግስቱም ቀጥ እንዳለች ናት። እናቴ በጣቷ ገፋ አድርጋ ራሷ ወደ ቀኝ አጣመመቻት፣ ወዲያው ደግሞ ደንግጣ መለሰቻት። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም ቀረ። ቀበሌ ሄዳ ብትጠይቅ «ግዳጅ ላይ ናቸው፣ ይጠብቁ» ከማለት በቀር የሚነግራት አላገኘችም። ጎረቤቶች «አይዞሽ» ሊሏት ሲመጡ፣ ለቅሶ እንዳይመስልባት፣ ወንበር አትሰጣቸውም ነበር። እኔ ማታ ጆሮዬን ጥዬ ክንፉን እጠብቃለሁ፤ አየሩ ስለደረቀ ይሁን ወይም ሌላ፣ እንጃ፣ ክንፉም ዝም አለ።

በሚያዝያ ሙቀት፣ ቀትር ላይ፣ ጋሪ በራችን ላይ ቆመና አባቴ ወረደ። አካሉ ሁሉ ደህና ነበር። እናቴ መሬቱን ሳመች። እሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ «ይግቡ» እስኪባል እንደሚጠብቅ እንግዳ ያየን ጀመር። ውሻችን ሮጦ ሄዶ አሸተተውና፣ ጭራውን ሳይቆላ ተመልሶ ፓፓያው ሥር ተኛ። አባቴ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲጠሩት «እሺ» ይላል፤ ከእሺ ሌላ ቃል አልነበረውም። በሩን ሳይቆልፍ ያድራል። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ አውራ ጣቶቹን ጭኑ ላይ ቀስ ቀስ እያደረገ፣ የማናየውን ነገር ሲነዳ ይውል ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈራሁት። አባቴን አስቀርተው እሱን የሚመስል ሰው የላኩልን መሰለኝ፤ እናቴም አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ስንዱ፣ ድምፁ የሱ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። የኔም የእሷም ፍላጎት አንድ ብቻ ነበር፤ የሄደው ሰው እንዲመለስልን።

ሁለተኛው ክረምት ሳይገባ፣ አንድ እሑድ እናቴ አውሮፕላኗንም ሣጥኑንም ራሷ አውርዳ «በል ተነሥ፣ ልጅህን ሜዳ ውሰዳት፤ እኔም እመጣለሁ» አለችው። «እሺ» አለ። ባትሪውን ሞላ፣ ነዳጁን አደባለቀ፣ እጁ ሁሉንም ያውቀው ነበር። ኦቦ ቱፋ «አካም ጅርታ» ብለው እጁን ይዘው ቆዩ፤ መልስ ሲያጡ ከብቶቻቸውን ሊነዱ ሄዱ። «ክንፍ፣ ጅራት» ሲል ጠበቅሁ፤ ምንም ሳይል ሞተሩን አስነሣው።

«አባዬ፣ ትሪሟን እማዬ አቅንታታለች» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ያስተካክላታል ብዬ አውሮፕላኗን ይዤ ራቅ አልኩና ሮጬ ወረወርኳት። ወጣች፣ ከፍ አለች፣ ወደ ግራ አዘነበለች። ዞሬ ሳየው አባቴ እጆቹን ከዘንጎቹ ላይ አንሥቷል።

«ኧረ አንተ፣ ንዳት እንጂ» አለችው እናቴ።

«ልኳ ላይ ከሆነች ራሷ ትሄዳለች» አላት። ከመጣ ጀምሮ ከእሺ ሌላ ሲናገር ስንሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተናገረውም ለእሷ አይመስልም ነበር። አውሮፕላኗ በላያችን ትዞራለች፣ በየዙሩ ዝቅ ትላለች፣ የግራ ክንፏን ወደ እኛ አዘንብላ የምታየን ይመስል ነበር። ከብቶቹ መጋጥ ትተው ቀና ብለዋል። አባቴ ንቅንቅ ሳይል፣ ፈገግታ በሚመስል ፊት በዓይኑ ብቻ ይከተላታል። በመጨረሻ ግራሩ ውስጥ ገባችና ጩኸቷ ተቆረጠ፤ ሜዳው ላይ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እናቴ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ፤ መንገድህ እንዲቃና ብዬ በየቀኑ ሳቀናት ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብላ አለቀሰች። አባቴ ያን ጊዜ ሣጥኑን ዝቅ ብሎ አየው፣ ብዙ አየው። ከጎኗ ተቀመጠና ትሪሟን በአውራ ጣቱ ወደ ቀኝ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ «ቦታዋ እዚህ ነበር» አላት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ሳያይ ያስነሣው እኔ ነኝ።»

ሣጥኑን ከደረቱ አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እዚያ ግን አይቼ ነበር፣ አልማዝ። አውሮፕላኖቹን ሁሉ በእጄ እየነካሁ፣ አንድም ሳላስቀር አይቼ ነው የለቀቅኋቸው። በጥር ይዘዋቸው የወጡት ልጆች አልተመለሱም።»

«በጥር» ሲል እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንሥተን አናውቅም። እናቴ ነጠላዋን ለአባቴ አልብሳ ራሱን ወደ ደረቷ ሳበችው። ኦቦ ቱፋ የአውሮፕላኗን ስብርባሪ በጋቢያቸው ለቅመው መጥተው አጠገባችን አስቀመጡትና አብረውን ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እንደ ድሮው ሆነ ብል ውሸት ነው። መነጋገር ጀመረ፣ ሳቁ ግን አልተመለሰም። ከሥራው ተሰናብቶ መቂ እየተመላለሰ፣ የሽንኩርት እርሻዎቹ ላይ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ኖረ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ እኔ ሳመሽ ግን ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው ሆነ። ሲያየኝ አይቆጣኝም፣ አያቅፈኝም፤ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ከፊቴ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ከኋላው እየሄድኩ የመጀመሪያውን አባቴን ስጠብቅ ብዙ ዓመት ፈጀሁ፤ አንድ ቀን ሌላ ጋሪ በራችን ላይ ቆሞ፣ እሱ እየሳቀ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።

አሁን እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ናዝሬትም አዳማ ተብላለች፣ ሜዳው ቤት ተሠርቶበታል፣ አባቴንም ከቀበርነው ቆይቷል። ያኔ ስጠብቀው የነበረው የሄደውን ነው። አሁን ግን ሲመሽብኝ፣ ከታክሲ ስወርድ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ባገኘሁት ብዬ የምመኘው ያንን የተመለሰውን ነው።