የዲንቂቱ አንጮቴ

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። የነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስዘረዝርም ይህችን ዘልያታለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ፤ ስትሰሙ ግን አትዘኑልኝ።

እናቴ ነቀምቴ ላይ ስትሞት እኔ ለአቅመ ሔዋን የተቃረብኩ ልጅ ነበርኩ፤ ወንድሜ ታደሰ ገና እንጭጭ ነው። አባታችን በጃንሆይ ዘመን ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ የአቡጀዲ ነጋዴ ነበር። ታደሰ እናቱ ከተቀበረች ወዲህ እህል አልቀምስ ብሎ አንገቱ ክር አከለ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ በላይነሽ፣ ያላቀረበችለት ወጥ የለም፤ ፊቱን ያዞራል። ዓመት ሳይሞላ አባቴ ከነቀምቴ ራቅ ካለችው ከኡኬ ዲንቂቱ የምትባል ሴት አገባ።

ዲንቂቱ በመጣች ሰሞን አንጮቴ የሚሉትን የአገሩን ሥራ ሥር ቀቀለች። ሥሩን በትኩሱ ልጣ፣ ደቁሳ፣ በቅመምና በነጠረ ቅቤ አሽታ፣ ታደሰን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ኛዱ ኢልማ ኮ፤ ብላ ልጄ» አለችው። በላ። ጣቷን እስኪልስ በላ። ጉንጩ ሞላ፤ «አዮ» ይላት ጀመር፤ በአገሩ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? እኔ ግን ተቃጠልኩ። የእናቴ አፈር ሳይደርቅ እንዴት በአንድ የተቀቀለ ሥር ትለወጣለች? ለእኔም «ልጄ፣ ሳይበርድ» እያለች ስታቀርብልኝ ሳህኑን እገፋለሁ። ሽታው ግን ምራቄን ያመጣው ነበር። ለዚያም ጠላኋት።

አንድ ቀን አባቴ አንጮቴውን በልቶ እንደተነሣ ሆዱን ቆረጠው። ቀን ገበያ ላይ የከረመ ሥጋ መብላቱን አውቃለሁ። አክስቴ «ምን አብልታው ይሆን?» ስትል፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ከመቀነቷ የሆነ ነገር ፈትታ ስትነሰንስበት አይቻለሁ» አልኩ።

ዋሸሁ። ያየሁት ጨው ስትጨምር ነው።

አንድ ሰው እንኳ «እርግጠኛ ነሽ?» አላለኝም! ይህ እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። አክስቴ «ብዬ ነበር!» አለች፤ ከእጇ ሲጎርስ የከረመው አባቴም «ከቤቴ ውጪ» አላት። ግን በእነሱ ብቆጣ ምን ይፈይድልኛል? እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። እኔ ዋሸሁ።

ዲንቂቱ ወደ እኔ ዞራ «አየሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ታደሰ ቀሚሷን ይዞ ሲጮህ ጣቶቹን ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያም «አባታችንን ልትገድለው ነበር» እያልኩ አሳደግኩት። አመነኝ።

ታደሰ ሲያገባ እኔ የልጆች እናት ነበርኩ። ዲንቂቱ ወሬውን ሰምታ ከኡኬ በእግሯ መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ በእንጨት ገበታ ጭኮ ይዛለች፣ ቅቤው ከላይ ያበራል። ዳሱ በር ላይ ቆማ «ልጄን ልመርቅ ነው» አለች። ታደሰ ማን እንደሆነች ሲነግሩት ፊቱ ጠቆረ።

«ያቺ መርዘኛ? አስወጡልኝ! የያዘችውንም ለውሻ እንኳ እንዳትሰጡ፣ ቅበሩት።»

አጠገቡ ነበርኩ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ድግሱ ይበላሻል፣ አማቶቹ ምን ይላሉ ብዬ አፌን ዘጋሁ። እሷም ገበታዋን አቅፋ ያንን ሁሉ መንገድ ተመለሰች። በክረምቱ መሞቷን ሰማሁ። ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም።

ልጅ ነበርሽ እንዳትሉኝ። በዳሱ በር ላይ ልጅ አልነበርኩም። ሐዘኑ ነው፣ ቅናቱ ነው እንዳትሉልኝም። ይቅርታዋን ይዛው ሄዳለች፤ እናንተ በእሷ ፋንታ ልትሰጡኝ አትችሉም።

ታደሰ እሑድ እሑድ ከልጆቹ ጋር እኔ ቤት ምሳ ይበላል። ሲጨርስ «እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ» ይለኛል።

እኔም «አሜን» እላለሁ።